የተቆረጠበትን ቀን ንገሩን

ትናንት ማታ አምስት ኮክ ገዝቼ ገባሁ። ቀያይ ናቸው፣ እኩል እኩል፣ አንድ ጠባሳ እንኳ የላቸውም። ልጄ አንዱን አንስታ ገመጠች። ሁለቴ አኘከችና እጇ ላይ ተፋችው። ተቀብያት ቀመስኩት። ጥጥ ነው። ውሃ የነካው ጥጥ። ሁለተኛውን ስቆርጠው ውስጡ ጠቁሯል። ሦስተኛውም ያው። "እማ፣ እኔ ኮክ አልወድም" አለችኝ። እሷ እኮ እውነተኛ ኮክ ቀምሳ አታውቅም! እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ብሶቴን ልተንፍስ።

ትልቅ ከተማ የሚኖር ሰው ፍራፍሬ ሞልቶለታል ይባላል። እውነት ነው፣ መደርደሪያው ዓመቱን ሙሉ አይጎድልም። በሰሜኑ የዓለም ክፍል ብርድ ሲገባ ወይኑ ከደቡቡ ተጭኖ ይመጣል። ግን ብዙው ፍሬ ሲመረጥ የታሰበው ለመንገዱ እንጂ ለአፋችን አይደለም። ለስላሳና የበሰለ ፍሬ መርከብ ላይ ሳምንታት አይችልም። ስለዚህ ገና ጠንካራ እያለ ይለቀማል።

በሙዝ ቅር አይለኝም። ሙዝ አረንጓዴውን ተቆርጦ ከ13 እስከ 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እየተጠበቀ ይጓዛል። ሲደርስ ማብሰያ ክፍል ይገባና ኢቲሊን የሚባል ጋዝ ይለቀቅበታል። ፍሬው ራሱ ሲበስል የሚያወጣው ጋዝ ነው። ሙዝ በዚህ መንገድ በደንብ ይበስላል፣ ይጣፍጣልም።

ወይን፣ ብርቱካን፣ እንጆሪና አናናስ ግን እንደዚያ አይደሉም። አንዴ ከተቆረጡ በኋላ ጣፋጭነት አይጨምሩም። ሻጩ ግን ጎምዛዛውን ወይን ያስይዘኝና "ሁለት ቀን አስቀምጪው፣ ይጣፍጣል" ይለኛል። ስንት ጊዜ አምኜ አስቀመጥኩ! ከጎምዛዛነት በቀጥታ ወደ መበስበስ ነው የሚሄደው። ብርቱካን ደግሞ ልጣጩ አረንጓዴ ከሆነ በዚያው ጋዝ ቀለሙ ይቀየራል። ልጣጩ ብቻ። ውስጡ በተቆረጠበት ቀን የነበረው ነው።

ወደ ኮኬ ልመለስ፣ ምክንያቱን ሳውቅ የበለጠ ነው የተናደድኩት። ኮክ ከ2 እስከ 7 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ ብዙ ከቆየ ጭማቂው ይጠፋል፣ ሥጋው ጥጥ ይሆናል፣ ውስጡ ይጠቁራል። ዜሮ አካባቢ ቢቀመጥ ይሻለው ነበር። ላዩ ላይ ምንም አይታይም። ገዢው በምን ይወቅ? (የቤታችን ፍሪጅም እዚያው መሃል ላይ ነው ያለው። ጠንካራ ኮክ ገዝታችሁ ወዲያው ፍሪጅ አትክተቱ፣ ውጭ ይለስልስ።)

አፕልማ ሌላ ታሪክ ነው። ኦክስጅኑ በተቀነሰ ቀዝቃዛ መጋዘን ብዙ ወራት ይቀመጣል፤ ዓመት የሚጠጋውም አለ። መቆየቱ አይደለም የሚያናድደኝ። እሱን አስቀምጦ ላዩ ላይ "ትኩስ" ብሎ መጻፍ ነው። ወተት ቀን አለው። ዳቦ ቀን አለው። ፍሬው ላይ ያለው ስቲከር ግን 4011 ይላል፣ ሙዝ ማለት ነው። ሙዝ መሆኑንማ እያየሁት ነው! መቼ ተቆረጠ? የለቀመው ገበሬ ቀኑን ያውቃል። ታዲያ ያ ቀን መንገድ ላይ የት ይቀራል? ለምን እኛ ጋ አይደርስም?

ጥፋቱ የኛም ነው። እጃችን ቀዩንና የሚያብረቀርቀውን ነው የሚያነሳው፣ ጠባሳ ያለበትን ትተን እናልፋለን። ሬድ ዴሊሺየስ የሚባለው አፕል በዚህ ነው የተበላሸው። አምራቾች ይበልጥ የሚቀላውን እየመረጡ አበዙት፣ ጣዕሙ ወደ ኋላ ቀረ።

የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ብሉ ይላል። እሺ፣ እንብላ። ግን ጥጥ የቀመሰ ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ እጁን የሚሰደው ወደ ከረሜላው ነው። ከረሜላ አንድም ቀን አሳፍሮት አያውቅም። ከዚያ እኛ "የዘንድሮ ልጆች ፍራፍሬ አይበሉም" እያልን እንወቅሳቸዋለን። እኔም ብያለሁ። አሁን ይቆጨኛል።

የቀሩት ሁለት ኮኮች ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ነገ ይዣቸው ወደ ገዛሁበት እሄዳለሁ። ገንዘቤን እንዲመልሱልኝ አይደለም። መቼ እንደተቆረጡ አስመጪውን ጠይቀው እንዲነግሩኝ ነው። እናንተም ጠይቁልኝ።