ዋጋዱጉ ድረስ ወይስ ሶፋ ላይ?

ፌስፓኮ በቡርኪና ፋሶ ዋና ከተማ በዋጋዱጉ በየሁለት ዓመቱ የሚካሄድ የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ነው። ከ1969 ጀምሮ አለ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከኮሮና ወዲህ ብዙ ፌስቲቫሎች ፊልሞቻቸውን በኢንተርኔትም ማሳየት ለምደዋል። ታዲያ እስከዚያ ድረስ መሄድ ምን ያደርጋል? ሁለት ሰዎችን አከራከርን። አንደኛው አዲስ አበባ ውስጥ ለረጅም ዘመን የሲኒማ ቤት ኦፕሬተር የነበሩ ጡረተኛ ናቸው። ሌላዋ ቨርጂኒያ የምትኖር ነርስና የሁለት ልጆች እናት ናት።

ጡረተኛው፦

እኔ ፊልም ሳሳይ የኖርኩት ለሰው ነው። ከማሽኑ ክፍል በቀዳዳዋ አሾልቄ የማየው ስክሪኑን አልነበረም፤ የተመልካቹን ጭንቅላት ነበር። ሰው ሲስቅ ጭንቅላቱ አብሮ ይነቃነቃል። ሲፈራ ሳል እንኳ አይሰማም። ፊልሙ መያዙን የማውቀው በዚያ ነው።

በ2019 ልጄ ትኬት ቆርጦልኝ ዋጋዱጉ ሄድኩ። ፌስፓኮ 50 ዓመት የሞላው ያኔ ነው። ሙቀቱ አይጣል! አቧራው አፍንጫ ይዘጋል። መንገዱ በሞተር ሳይክል ተሞልቷል፤ ሴቱም ወንዱም ይነዳል። መሃል ከተማ የፊልም ጥቅልና ሌንስ የተደራረበ የሚመስል ሐውልት ቆሟል። የፊልም ሠሪዎች አደባባይ ይሉታል። እስቲ ለፊልም ሰው አደባባይ የሰጠ ከተማ ቁጠሪልኝ። ቆሜ ሳየው፣ አይሳቅብኝና፣ እንባዬ መጣ።

አንድ ማታ የገባሁበት ፊልም በፈረንሳይኛ ሆነብኝ። እኔ ከ«ቦንዡር» ሌላ አላውቅም። አጠገቤ የተቀመጠ የጋና ሰው በእንግሊዝኛ በጆሮዬ ሹክ እያለ አስጨረሰኝ። ከዚያ ወጥተን በእንጨት ተሰክቶ የተጠበሰ ሥጋ እየበላን እስከ እኩለ ሌሊት ተጨቃጨቅን። እሱ መጨረሻውን ወደደው፣ እኔ ጠላሁት። ይኼን በየትኛው ዋይፋይ ታገኚዋለሽ?

ነርሷ፦

ጋሼ፣ ወሬዎ ደስ ይላል። እኔ ግን አንዲት ቃል ላይ ቀረሁ፤ «ልጄ ትኬት ቆርጦልኝ» ያሉት ላይ። ባይቆርጥልዎትስ? ቪዛው አለ። የቢጫ ወባ ካርዱ አለ። ሆቴሉ አለ። እኔ ደግሞ ፈቃድ የምለምነው ከወራት በፊት ነው። በዚያ ላይ ቡርኪና ፋሶ ውስጥ በ2022 ብቻ ሁለት ጊዜ መፈንቅለ መንግሥት ተደርጓል። ሁለት ልጆች ጥዬ ልሂድ?

የእኔን ልንገርዎት። በጥር 2021 ሰንዳንስ የሚባለው የአሜሪካ የፊልም ፌስቲቫል በኮሮና ምክንያት በኢንተርኔት ተካሄደ። በደጉ ጊዜ ዩታ ተራራ ላይ፣ በበረዶ ውስጥ፣ እንደ እኔ ዓይነቱ በማይደፍረው የሆቴል ዋጋ ይካሄድ የነበረ ነው። የጀሲካ በሽር «ፋያ ዳዪ» ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ያኔ ነው። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ስለ ሐረርና ስለ ጫት። እናቴ ደግሞ የሐረር ልጅ ናት። ነጠላዋን ተከናንባ አጠገቤ ተቀመጠች። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ «ቆይ፣ አቁሚው!» አለችኝ። አንድ ግንብ አይታ የማን ቤት እንደሚመስል ልትነግረኝ ነው። ፊልሙ ውስጥ በኦሮምኛ ሲያወሩ እሷ ቀድማ ትመልሳለች። ታለቅሳለች፣ ትስቃለች፣ እንደገና ታስቆመኛለች። ሲኒማ ቤት ብትሆን «ዝም በይ» ይሏት ነበር።

ጡረተኛው፦

እናትሽን ሳሚልኝ። እሷ ያየችው ግን ፊልም ነው፤ ፌስቲቫል አላየችም። ደግሞ ያየችው አሜሪካ ስላለች ነው። ያን ጊዜ የሰንዳንስ ረጃጅም ፊልሞች የተከፈቱት እዚያው አሜሪካ ላለ ተመልካች ብቻ ነው። ሐረር የቀረ ዘመዷ ስለ ገዛ ከተማው የተሠራውን ፊልም ማየት አይችልም ማለት ነው። በ2020 የደርባን ፌስቲቫልም ኢንተርኔት ላይ ወጣ፤ ፊልሞቹ ግን ከደቡብ አፍሪካ ውጭ ላለ ሰው ዝግ ነበሩ። እኛም አገር በዚያው ዓመት ክረምት ኢንተርኔት ሦስት ሳምንት ያህል ጠፍቶ ነበር። በኢንተርኔት ይበቃል የምትሉኝ ሰዎች ይቺን ትረሷታላችሁ።

ዋጋዱጉ በ2021 ምን አደረገ? ከየካቲት ወደ ኦክቶበር ገፋውና ሰውን በአካል ጠራ። ዋናውን ሽልማት፣ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ፣ የወሰደው ጎረቤታችን ሶማሊያዊው ከድር አህመድ ነበር። በ2009 የእኛው ኃይሌ ገሪማ በ«ጤዛ» የወሰደው ያንኑ ነው።

ነርሷ፦

መቆለፉ ላይ እውነትዎን ነው። እኔም አንዴ ከፍዬ ገብቼ «በአገርዎ አይታይም» ተብያለሁ፤ እንዴት እንደተናደድኩ! ግን የቆለፈው ኢንተርኔቱ አይደለም። የፊልም መብት የሚሸጠው በአገር በአገር ነው። ባለቤቱ ሁሉም ሰው በነጻ ካየው ነገ ማን ይገዛኛል ብሎ ይፈራል። ይኼ የውል ጉዳይ ነው፤ ውል ደግሞ ይቀየራል።

ፌስፓኮም ቢሆን ተቀይሯል። እስከ 2013 ድረስ ለዋናው ውድድር የሚቀርብ ረጅም ፊልም በ35 ሚሊሜትር፣ በድሮው የፊልም ጥቅል፣ መምጣት ነበረበት። በዲጂታል የቀረጸ ምስኪን ፊልሙን ብዙ ሺህ ዶላር ከፍሎ ወደ ጥቅል ያስገለብጣል፣ ካልሆነ ይቀራል። በ2015 ነው በሩ ለዲጂታል የተከፈተው። ሲኒማ ሞተ እንዴ?

ያ የሶማሌው ፊልም ደግሞ ሲሸለም አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ሰው አየው? ናይሮቢስ? ሪያድና ቤሩት ሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችንን ያስቧቸው። የእረፍት ቀን ያላገኘች ልጅ ሲኒማዋ ስልኳ ነው። ማታ፣ ድምፁን ቀንሳ፣ አልጋዋ ላይ። ለእሷ «ዋጋዱጉ ነይ» ሊሏት ነው?

ጡረተኛው፦

35 ሚሊሜትሩ ላይ ነካሽኝ። አንድ ፊልም አምስት ስድስት ጥቅል ነበር። ደረጃ ለደረጃ ተሸክሜ ወገቤን የፈጀሁት እኔ ነኝ። አልናፍቀውም! በዲጂታል ይምጣ፣ በፈለገው ይምጣ።

ስለ ልጅቷም መልስ የለኝም። በስልኳ ትይ።

አንቺ ግን ያለሽው ቨርጂኒያ ነው። ኃይሌ «ሳንኮፋ»ን በ1993 ሲጨርስ አሜሪካ ውስጥ የሚያከፋፍልለት አጣ። ምን አደረገ? እዚያው ዋሽንግተን ሲኒማ ቤት ተከራይቶ ራሱ አሳየ፤ ሰው ተሰለፈ። ከአንቺ ወንዙን ብቻ ተሻግሮ ማለት ነው። እናትሽን ዋጋዱጉ ውሰጃት አላልኩም። ግን ያቺ ሴትዮ ግንቡን አይታ ስትጮህ፣ አጠገቧ ሌላ የሐረር ሴትዮ ብትኖር «የለም፣ የእነ እንትና ቤት ነው» ብላ ትሞግታት ነበር። አንቺማ ምን ታውቂና ትሞግቻታለሽ?

ነርሷ፦

ይቺን አላሰብኳትም። እናቴም ያን ማታ እንደጨረሰች ያደረገችው ነገር ቢኖር ቶሮንቶ ላለች አብሮ አደጓ ደውላ አንድ ሰዓት ሙሉ ማውራት ነው። ሴትዮዋ ፊልሙን አላየችውም፤ ተከፍቶላት አልነበረም።

አሁንም አቋሜ ያው ነው። መጀመሪያ ሁሉም ይይ፣ አዳራሹ ከዚያ ይመጣል። ፌስፓኮ ተራውን ከጠበቀ ቀጣዩ በ2027 ነው። እርስዎ ይሂዱ። ያ የጋናው ሰው ከተገኘ ከፊልሙ በኋላ በቪዲዮ ይደውሉልኝና እኔም ከዚህ ልጨቃጨቅ።

ጡረተኛው፦

እደውላለሁ። ካርድ ግን አንቺ ነሽ የምትሞይው።