ስለ 72ቱ ሰዓትም ይጻፍ

ከወንድ ጋር ስለሚተኙ ወንዶችና ስለ ኤችአይቪ መጻፋችሁ ደግ ነው። ግን ቀድሞ የሚወሰደውን መከላከያ ኪኒን ብቻ አንስታችሁ ለቫይረሱ ከተጋለጡ በኋላ የሚወሰደውን ዘለላችሁት። ሐዋሳ፣ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። አንድ ልጅ ሰው እስኪወጣ ጥግ ይዞ ቆየ። የሳል ሽሮፕ ጠየቀኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ኮንዶሙ ተቀደደ" አለኝ። ከማን ጋር አላልኩትም፤ ምን አገባኝ! መቼ ነው አልኩት እንጂ። ከተጋለጡ በኋላ የሚወሰደው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ ሲሆን ይሻላል። ከዚያ 28 ቀን ይወሰዳል። በነገራችን ላይ ቫዝሊን ኮንዶም ያበላሻል፤ በውሃ የተሠራ ማለስለሻ ተጠቀሙ። በአገራችን ሕጉ ወንድ ከወንድ ጋር መተኛትን ስለሚቀጣ ሐኪም ፊት ሁሉም "ከሴት ጋር ነው" ይላል። ታዲያ የፊንጢጣ ጨብጡን ማን አስቦ ይመርምረው?