ጥርት ያለ ሰማይ ሌሊቱን አያሞቅም

«በመጪዎቹ ቀናት ሰማዩ ጥርት፣ ነፋሱም ጸጥ ስለሚል ሙቀቱ ቀንም ሌሊትም ይዘልቃል» የሚለው ከላይ የወጣው የአየር ትንበያ ጽሑፍ ዓረፍተ ነገር ለቀኑ ትክክል ቢሆንም ለሌሊቱ ግን ፈጽሞ አይሠራም። በመፀው መጀመሪያ ሌሊቱ እየረዘመ ስለሚሄድ፣ ምድር ቀን የተቀበለችውን ሙቀት የሚይዝላት ደመና ከሌለ በጨረር መልክ ወደ ጠፈር ትለቀዋለች፤ ነፋስም ከሌለ ከላይ ያለው ሞቃት አየር ከታችኛው ጋር ስለማይቀላቀል፣ ቀዝቃዛውና ከባዱ አየር ቁልቁል እየተንሸራተተ ሸለቆና ረባዳ ቦታ ላይ ይተኛል። በዚህ ወቅት የማለዳ ጭጋግ የሚበዛውም ከዚሁ የተነሣ ነው። ከእኔ በፊት የጻፉት አስተያየት ሰጪ «3 ዲግሪ ተብሎ ተነግሮ ሳለ የቲማቲም ተክሌን ውርጭ መታብኝ፤ ትንበያው ዋሽቷል» ማለታቸው አሳዝኖኛል፤ ሆኖም ትንበያው አልዋሸም። የሚነገረን የአየር ሙቀት ከፀሐይ ተከልሎ፣ ከመሬት ከ1.25 እስከ 2 ሜትር ከፍታ ላይ የሚለካ ስለሆነ፣ በእንዲህ ያለ ሌሊት የሣሩ ወለል ከዚያ በበርካታ ዲግሪ ቀዝቅዞ ከ0 በታች ሊወርድ ይችላል። እኔም ተዳፋት ላይ ያለውን የአትክልት ቦታዬን ለዓመታት ስንከባከብ ያየሁት ይህንኑ ነው፤ ጥቂት ሜትር ከፍ ብሎ ያለው መደብ ምንም ሳይነካው የታችኛው በአንድ ሌሊት ጠቁሮ ያድራል። ጸሐፊው ከቀኑ ሙቀት ጎን የሌሊቱን ዝቅተኛ መጠን ከደመናውና ከነፋሱ ሁኔታ ጋር ቢያቀርቡልን፣ ተክሉን በጨርቅ መሸፈን የሚፈልግ ሰው ሳይመሽ ይዘጋጃል።