አቦል ጠጥታ የሄደችው ጎረቤት

ባለፈው እሑድ ከቡና በኋላ የተነሣው ክርክር መነሻው ትንሽ ነበር። በቅርቡ ወደ ግቢው የገባች ነርስ አቦሉን ጠጥታ፣ «ቡናችሁ ግሩም ነው፤ ተረኛ ስለሆንኩ ልሂድ» ብላ ተነሣች፤ ሲኒዋንም ረከቦቱ ላይ ከመመለስ ይልቅ እግሯ ሥር ቄጠማው ላይ አኖረችው። ገና ከደጅ ሳትርቅ በዕድሜ ጠና ያሉት ሰውዬ ፍቺውን ጀመሩ። በረካውን አለመጠበቋ ምርቃታችንን መናቋ ነው፤ ቡናውን ማሞገሷ ሽሙጥ ነው፤ ሲኒው ቄጠማ ላይ መቀመጡማ «ከእግሬ በታች ናችሁ» ማለት ነው። ማስረጃቸው አንዲት ተረት ብቻ ነበረች፦ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

አጠገባቸው የነበረው ወጣት መምህር፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ረከቦቱ እኮ ከእርስዎ ጀርባ ነበር፤ በየት ዞራ ታስቀምጠው?» ሲል ጠየቃቸው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አሉት። እስከ በረካው ብትቆይስ ኖሮ ምን ይሉ ነበር ቢላቸው፣ «ወሬ ልትለቅም ነዋ!» ብለው ያለ አንዳች ሐፍረት መለሱ። ብትሄድም ብትቆይም የተፈረደባት ሴት ምን ልታደርግ እንደሚገባት ግን አልነገሩንም። ይልቁንም አበሻ በሰምና ወርቅ የሚናገር ሕዝብ ነው ወደሚለው የተለመደ ምሽግ ገቡና ተረቷን ለሦስተኛ ጊዜ ደገሟት፤ በዚህም በረካዋ ደረሰ።

መምህሩ ግን በልጅነቱ በጎጃሙ ዋሸራ ቅኔ የቆጠረ ሰው ስለሆነ በዚህ የሚሸነፍ አልነበረም። በሁለት ቤቷ አጭር ቅኔ፣ በጉባኤ ቃና እንኳ ወርቁን የሚያኖረው ባለቅኔው ራሱ ነው፤ ቃሉ ሁለቱን ፍቺ መሸከም ካልቻለ የቅኔ መምህሩ ያርመዋል እንጂ ሰሚው ከኪሱ ወርቅ አውጥቶ አይጨምርበትም አላቸው። እውነቱን ነው። ነጠላዋን ዘቅዝቃ የለበሰች ሴት ሐዘን ላይ መሆኗን የምናውቀው ለባሿም ተመልካቹም በምልክቱ ስለተስማሙ ነው፤ ስለ ሲኒና ስለ ቄጠማ ግን ከማን ጋር ተስማማን?

በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብሩ ዘመን አንዲት ያልታሰበች ቃል ለሞት ታበቃ ስለነበር፣ የዚያ ዘመን ሰው ንግግርን መፈተሹ አይፈረድበትም። የሚያሳዝነው ያን ክፉ ዘመን ያላየው ትውልድ ፍርሃቱን ብቻ መውረሱ ነው። የቴሌግራም መልእክት ተነቦ መልሱ ቢዘገይ ንቀት ይባላል፤ ፌስቡክ ላይ በተለጠፈ የሠርግ ፎቶ ማን ከማን ርቆ እንደቆመ ተለክቶ የቤተሰብ ጠብ ይታወጅበታል፤ አንድ ሰው ስለ ዝናብ ቢጽፍ እንኳ የየትኛው ወገን ደጋፊ እንደሆነ ይመረመራል። ይህን ሁሉ ምሥጢር የሚፈታው ሊቅ የጎረቤቱን በር አንኳኩቶ «ምነው፣ ደኅና አይደለሽም እንዴ?» ብሎ መጠየቅ ግን ይከብደዋል።