ዛጎሉ ከዳርቻው ይነሣ ወይስ ይቅር?

የክርክሩ ርዕስ፦ «በመዝናኛ መርከብ የሚጓዝ ሰው ከባሕር ዳርቻ አሸዋና ዛጎል ይዞ እንዳይሄድ በሕግ መከልከሉ ተገቢ ነው።» መነሻ የሆነን የጣሊያኗ ደሴት የሰርዲኒያ ሕግ ነው። ደሴቲቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣችው ሕግ መሠረት አሸዋ፣ ጠጠር ወይም ዛጎል ያለ ፈቃድ የወሰደ ሰው፣ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም፣ ከ500 እስከ 3,000 ዩሮ ይቀጣል። ደጋፊዋ ሮም የሚኖሩ ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህርት ናቸው። ተቃዋሚው በፍራንክፈርት የሚኖሩ የሁለት ልጆች አባት ናቸው።

ደጋፊ

ነገሬን ከቡና ሲኒ ልጀምር። አንድ ሲኒ ደረቅ አሸዋ 100 ግራም ገደማ ይመዝናል። ዛሬ አንድ ትልቅ የመዝናኛ መርከብ 5,000 ያህል ሰው ጭኖ ወደብ ይገባል። እያንዳንዱ መንገደኛ ለማስታወሻ ብሎ አንድ ሲኒ ብቻ ቢዘግን፣ ማታ መርከቡ ሲነሣ አምስት ኩንታል አሸዋ አብሮት ሄደ ማለት ነው። በማግስቱ ሌላ መርከብ ይመጣል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን። ለተሸካሚዎቹ በእርግጥ ቀላል ነው። ዳርቻው ግን የሎሚው ዛፍ ነው፤ ሃምሳውም የተቀጠፈው ከእርሱ ላይ ነው።

በሲኒ ብቻ የማይበቃቸውም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 ሁለት ፈረንሳውያን ቱሪስቶች ኪያ ከተባለው የሰርዲኒያ ዳርቻ የዘገኑትን 40 ኪሎ ግራም አሸዋ በ14 የፕላስቲክ ጠርሙሶች ሞልተው፣ በመኪናቸው ጭነው ከፖርቶ ቶሬስ ወደብ ወደ ፈረንሳይ ሊሻገሩ ሲሉ ተያዙ። ወንጀል መሆኑን አናውቅም ነበር አሉ። አለማወቃቸውን ላምን እችላለሁ። 14 ጠርሙስ እየሞሉ ሳለ አንዴ እንኳ «ይህ የማን ነው?» ብለው አለመጠየቃቸውን ግን ልረሳው አልቻልኩም።

ብዙ ሰው አሸዋን የተፈጨ ድንጋይ አድርጎ ያየዋል። በብዙ ዳርቻዎች ግን ከፊሉ የሕያዋን ቅሪት ነው። ከሰርዲኒያ በስተ ሰሜን የምትገኘው ቡዴሊ ደሴት ሮዝ ዳርቻ አላት። ቀለሙ የመጣው ሮዝ ቅርፊት ካላቸው፣ በባሕር ሣር መካከል ከሚኖሩ ጥቃቅን ፍጥረታት ነው። ፍጥረቱ ይሞታል፣ ቅርፊቱ ይሰባበራል፣ ማዕበሉ ብናኙን እየገፋ ከነጩ አሸዋ ጋር ይቀላቅለዋል። ባሕሩ በብናኝ ያመጣውን ሰው በጠርሙስ ወሰደው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ዳርቻው ላይ መርገጥ ተከልክሏል፤ ዛሬ ከሩቅ ብቻ ይታያል። ሕግ ሲዘገይ እንዲህ ይሆናል፤ አሸዋውን መከልከል ሲገባ እግርን ጭምር መከልከል ይመጣል።

ዛጎሉም ባዶ ስለሆነ ሥራ ፈት ነው ማለት አይደለም። ሆዱ ለስላሳ የሆነ አንድ ዓይነት ሸርጣን አለ፤ ባዶ ዛጎል ፈልጎ ይገባበታል፣ ሲያድግ ደግሞ ወደ ሰፊው ይዛወራል። ቤት ካጣ የዓሣ ሲሳይ ነው። አልጌ ዛጎሉ ላይ ይበቅላል፣ ወፍ ለጎጆዋ ትወስደዋለች፣ የቀረው ተፈጭቶ ራሱ አሸዋ ይሆናል። በስፔን ሳሎው ከተማ ያርጋ በተባለ ዳርቻ ላይ ተመራማሪዎች ከ1978 እስከ 1981 የቆጠሩትን ዛጎል ከ2008 እስከ 2010 ከቆጠሩት ጋር አነጻጽረው ነበር። በእነዚህ ዓመታት የአካባቢው ቱሪስት ወደ ሦስት እጥፍ ሲጠጋ፣ ዛጎሉ ከ60 በመቶ በላይ ቀንሶ ተገኘ።

ተቃዋሚ

መምህርት፣ ስለ ዳርቻው የተናገሩትን አከብራለሁ። እኔ የማመጣው ሕጉ ሲፈጸም ያየሁትን ነው።

ባለፈው ዓመት ከቤተሰቤ ጋር በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ የሰባት ቀን ጉዞ ሄድን። በአንድ ወደብ ለአምስት ሰዓት ወረድን። የሰባት ዓመት ልጄ ከውሃው ዳር አምስት ዛጎል ለቀመች። ሁሉም ባዶ ነበሩ። ሁለቱ ጠርዛቸው ተሸርፏል፣ አንዱ እንደ ጥፍር የሳሳ ሆኖ ውስጡ ሐምራዊ ነበር። አይስክሬም የበላችበትን የወረቀት ኩባያ አጥባ እዚያ ውስጥ አደረገቻቸው። ወደ መርከቡ ስንመለስ፣ ቦርሳ በሚፈተሽበት ማሽን አጠገብ የቆመው ጠባቂ ኩባያውን ተቀበላትና የውሃ ጠርሙስ የሚጣልበት በርሜል ውስጥ ገለበጠው። ልጄ እጄን ይዛ «ወደ ባሕሩ ይመልሳቸዋል?» አለችኝ። ሕጉ ለሸርጣኑ ቤት ከሆነ፣ እነዚያ አምስት ዛጎሎች ከውሃ ጠርሙስ ጋር ወደ ቆሻሻ መጣያ ለምን ሄዱ?

ከዚያ በር ሠላሳ እርምጃ ርቆ አንድ ሱቅ አለ። ደጃፉ ላይ ዛጎል በቅርጫት ተሞልቶ፣ በመረብ ታስሮ፣ ዋጋ ተለጥፎበት ይሸጣል። ከሱቁ የገዛ ሰው በዚያው ማሽን በኩል ሲያልፍ አየሁ፤ የሚጠይቀው አልነበረም። ልጄ በእጇ ያነሣችው ወንጀል ነው፣ ነጋዴ በጅምላ ያስመጣው ንግድ ነው። ይህን ለሰባት ዓመት ልጅ እንዴት ላስረዳ?

ስለ አሸዋውም ትልቁን ትተን ትንሹን እያሳደድን ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እንደሚለው ዓለም በየዓመቱ 50 ቢሊዮን ቶን ያህል አሸዋና ጠጠር ይጠቀማል። ሕንፃው፣ መንገዱ፣ ባሕር ተሞልቶ የሚሠራው ሰፈር ሁሉ ከዚያ ነው። አንድ የክረምት ማዕበል በአንድ ሌሊት የሚያንቀሳቅሰው አሸዋም ከእርስዎ አምስት ኩንታል ጋር አይወዳደርም። የሳሎው ተመራማሪዎችም ቢሆኑ ጣታቸውን የቀሰሩት በለቃሚዎች ላይ ብቻ አልነበረም። ዳርቻውን የሚጠርጉትን ከባድ ማሽኖችም አንሥተዋል። ማሽኑ የሚያጸዳው ለቱሪስት ነው፤ ልጅ በጣቷ ስትለቅም ግን ሌባ ትባላለች።

ደግሞም ሌላ መንገድ አለ። በፍሎሪዳ የምትገኘው ሳኒበል ደሴት በዛጎል ለቀማ የታወቀች ናት። እዚያ የተከለከለው ሕይወት ያለበትን ዛጎል መውሰድ ነው፤ ባዶውን ማንም ይለቅማል። ሕያውንና ባዶውን የሚለይ ሕግ እዚያ ከተቻለ እዚህ ለምን አይቻልም?

ደጋፊ

ወንድሜ፣ ስለ በርሜሉ ያሉት እኔንም አሳዝኖኛል። ያ ጠባቂ ሕጉን አስፈጸመ አልልም። በሰርዲኒያ በአውሮፕላን ማረፊያ የተወረሰውን አሸዋና ዛጎል ሰብስበው ወደ ዳርቻ የሚመልሱ በጎ ፈቃደኞች አሉ። ትክክለኛው ሥራ እርሱ ነው።

ባዶ ያሉትን ዛጎል ግን እርግጠኛ ሆነው ነው? አንድ ጊዜ ከተማሪዎቼ ጋር ከባሕሩ ዳርቻ ወደ ማደሪያችን ስንመለስ አንዲት ልጅ ትልቅ ጠመዝማዛ ዛጎል ይዛ መጣች። እኔው ራሴ ወደ ብርሃን አዙሬ አየሁት፣ ነቀነቅሁት፣ «ባዶ ነው» አልኳት። ሌሊት አልጋዋ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ የመቧጠጥ ድምፅ ሰምታ ጠራችኝ። ዛጎሉ ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ እየሄደ ነበር። ሸርጣኑ ሰው ሲነካው ወደ ጥልቁ ይሸሻል፣ ጸጥታ ሲሆን ይወጣል። ባዮሎጂ አስተማሪዋ እኔ መለየት ካልቻልኩ፣ መርከብ እንዳያመልጠው የሚሮጥ መንገደኛ እንዴት ይለያል?

ስለ ማዕበሉ ያነሡት ጥሩ ነጥብ ነው፤ ነገር ግን ለእኔ ያደላል። ማዕበል በክረምት ከዳርቻው የሚጎትተው አሸዋ አብዛኛውን ጊዜ ከባሕረ ሰላጤው ርቆ አይሄድም። ከውሃው በታች ተከምሮ ይቆይና ባሕሩ ሲረጋ ቀስ በቀስ ይመለሳል። ባሕሩ የሚያንቀሳቅሰው ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ነው። ፍራንክፈርት የደረሰ አሸዋ ግን በየትኛው ሞገድ ይመለሳል? 50 ቢሊዮን ቶኑም ቢሆን ያስደነግጠኛል። አሸዋ የሚያወጣው ኩባንያ ይቆጣጠር፣ ይከሰስ፤ አብሬዎ እጮኻለሁ። ትልቁ ሌባ አለመያዙ ግን ለትንሹ ፈቃድ አይሆንም።

የሳኒበል ነገር የቦታ ጉዳይ ነው። ደሴቲቱ አቀማመጧ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ስለሆነ፣ ከፊቷም ሰፊና ጥልቀት የሌለው ባሕር ስላለ ሞገዱ ዛጎል እየገፋ ያከማችባታል። በቋጥኝ መካከል ገባ ያሉት የሰርዲኒያ ትንንሽ ዳርቻዎች ይህ ሀብት የላቸውም። ብዙ ያላት የምትፈቅደውን ጥቂት ያላት ብትከለክል አድልዎ አይደለም።

ተቃዋሚ

አሸዋውን ልተውልዎ። ከዚህ በኋላ ስለ አሸዋ አልከራከርም፤ «በየትኛው ሞገድ ይመለሳል?» ላሉት መልስ የለኝም።

ዛጎሉ ግን ይለያል። እናቴ ከወሎ ይዛው የመጣችው በቆዳ የተለበደ አገልግል ቤታችን አለ። በክዳኑ ዙሪያ ዛጎል ተሰፍቶበታል፤ ልጅ ሳለሁ በጣቴ እየቆጠርኩ አድጌያለሁ። ባሕር አይታ የማታውቅ እናት ናት። እነዚያ ዛጎሎች በነጋዴ እጅ፣ በግመልና በበቅሎ ጀርባ ደጋ ድረስ ወጥተው የመሶቡና የአገልግሉ ጌጥ ሆኑ። ሰው ከባሕር አንድ ነገር ይዞ ወደ ቤቱ መመለሱ የቱሪስት አመል ብቻ አይደለም፤ ከጥንት የመጣ ነው። ልጄ ዛጎሉን ስታነሣ ያሰበችው የአያቷን አገልግል ነበር።

ዓለም አቀፍ ሕግ ራሱ መቁጠር ያውቃል። ለመጥፋት የተጋለጡ እንስሳትን ንግድ የሚቆጣጠረው ሳይተስ የተባለው ስምምነት፣ ኩዊን ኮንክ የሚባለውን ትልቁን የካሪቢያን ቀንድ አውጣ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ይቆጣጠራል። እንዲያም ሆኖ አንድ መንገደኛ ለግል መጠቀሚያው እስከ ሦስት ዛጎል ቢይዝ ልዩ ፈቃድ አይጠይቀውም። ለተጋለጠው እንስሳ ሦስት ከተቆጠረ፣ ለተሸረፈ ተራ ዛጎል ሁለት ቢቆጠር ምን ይጎዳል?

ደጋፊ

ሦስቱ የተፈቀዱት ድንበር ለማሻገር እንጂ ከዳርቻ ለመልቀም አይደለም። የየአገሩ ሕግ ከዚያ ሊጠብቅ ይችላል፤ ብዙ መንገደኛም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የእናትዎን አገልግል ግን ወደ መስኮት ያቅርቡትና ዛጎሉን ይመልከቱት። ዛሬም ያብረቀርቃል? እንደዚያ ዓይነቱ ዛጎል የሚያብረቀርቀው እንስሳው በሕይወት ሳለ በለስላሳ ሥጋው ከላይ ሸፍኖ ስለሚጠብቀው ነው። ሞቶ ዳርቻ ላይ የከረመ ዛጎል ይደበዝዛል፣ ይቧጨራል። የሚያብረቀርቀው ብዙውን ጊዜ ከነነፍሱ የተያዘው ነው። እርስዎ ያዩት ሱቅ ደጃፍ ላይ በቅርጫት የተከመረው አንጸባራቂ ዛጎል ሁሉ እንዲሁ ነው። ስለዚህ ሱቁም ይከልከል እላለሁ፤ ከልጅዎ አስቀድሞ ሱቁ። ይህን የምለው እናትዎን ለመውቀስ አይደለም። ያ ዘመን በግመል የሚጓዝ ነበር፤ ዛሬ በአንድ ጠዋት 5,000 ሰው ይወርዳል።

ተቃዋሚ

አገልግሉን አየሁት። ያብረቀርቃል።

ሱቁ ይከልከል ካሉ ግማሽ መንገድ ተገናኝተናል። የቀረኝ አንድ ነው። በዚያ ጉዞ በየማታው ክፍላችን በር ሥር የማግስቱን ፕሮግራም የያዘ ወረቀት ይገባ ነበር። የእራት ሰዓት፣ የልብስ ዓይነት፣ የሱቆች ቅናሽ ሁሉ ተጽፎበታል። ስለ ዛጎሉ አንድ መስመር አልነበረም። 500 ዩሮ የሚያስቀጣ ነገር በዚያ ወረቀት ላይ ይጻፍ፣ መንገደኛ ከመርከቡ በሚወርድበት ደረጃ ላይ ይሰቀል። ልጄ ደረጃውን ስትወርድ አንብቤላት ቢሆን ኖሮ ዛጎሎቹን አይታ፣ ዳስሳ፣ እዚያው ትተዋቸው ትመለስ ነበር። እኔ ያወቅሁት ስንመለስ፣ በርሜሉ አጠገብ ነው።