«ተነስና ሩጥ» ማንን አዳነ?

ድባቴ የሰነፎች ሰበብ ነው፤ ጠዋት ተነስቶ አምስት ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው ድባቴ አይዘውም። ይህ የአነቃቂ ተናጋሪዎች ምክር ሰሞኑን እንደገና ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው። አጨብጫቢም አላጣም።

ከስንፍናው ልጀምር። ሰነፍ ሥራውን ትቶ የሚወደውን ያደርጋል፤ ይተኛል፣ ይጫወታል፣ ኳስ ያያል። ድባቴ የያዘው ሰው ግን የሚወደው ነገር ራሱ ጣዕም ያጣበታል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ይነቃና እንቅልፍ እንደራቀው ይነጋል፤ አንድ ገጽ አንብቦ ምን እንዳነበበ አያውቅም። ሐኪም ይህን በሽታ ብሎ የሚጠራው ከ9 ምልክቶች ቢያንስ 5ቱ፣ በየቀኑ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ፣ ለ2 ሳምንት ሲዘልቁ ነው። ከአምስቱ አንዱ የግድ የስሜት መክፋት ወይም የፍላጎት መጥፋት መሆን አለበት። ሰነፍ በዚህ ወንፊት አያልፍም። (ለአሰልቺ ስብሰባም ለሕመሙም «ደበረኝ» እያልን ነገሩን ያምታታነው እኛው ነን።)

ሩጫውስ? እንቅስቃሴ ይጠቅማል፣ እሺ። ግን ድባቴ ቀድሞ የሚሰርቀው መነሻውን ጉልበት ነው። አምስት ኪሎ ሜትር የታዘዘለት ሰው ጫማውን ሳያስር ይመሻል፤ ማታ «ይህንንም አቃተኝ» ይላል፤ ራሱን የሚወቅስበት አንድ ተጨማሪ ምክንያት አገኘ። ምክሩ ያተረፈው ይህንን ነው!

ከ1970ዎቹ (በፈረንጆቹ) ጀምሮ ለድባቴ የዳበረው የባህሪ ሕክምና የሚነሳው ከተቃራኒው ነው፦ ፍላጎት እስኪመጣ አይጠበቅም፤ ከሥራው ኋላ ይመጣል። ስለዚህ እርምጃው ፍላጎት የማይጠይቅ እስኪሆን ይቆራረጣል። ገላ መታጠብ ከከበደ ፊት ብቻ። የተከመረው ዕቃ ካስፈራ አንድ ብርጭቆ ማጠብ፣ ከዚያ እጅን ማድረቅ፤ በቃ። መንገድ መሄድ ካቃተ ጫማ አድርጎ ደጅ ላይ 5 ደቂቃ መቆም። ሰዓቱም «ረፋድ ላይ» ሳይሆን «4 ሰዓት» ተብሎ ይቆረጥ። ከሥራው በፊትና በኋላ ስሜትን ከ0 እስከ 10 መዝግቦ መያዝም ያስፈልጋል፤ 2 የነበረው 3 ከሆነ ውጤት ነው። ካልተጻፈ ድባቴ ማታ ላይ «ቀኑ ሙሉ በሙሉ ባዶ ነበር» ብሎ ያሳምናል፤ ወረቀቱ ግን ይመሰክርበታል። ብዙዎች የሚሰናከሉት ደግሞ ሻል ባላቸው ቀን ነው፤ የሳምንት ውዝፍ በአንድ ጀምበር ሊጨርሱ ተነስተው በማግስቱ ይወድቃሉ። በደህናው ቀን የታቀደችው ብቻ፣ በክፉው ቀን ግማሿ። ካልተሳካ እርምጃው በዝቷል እንጂ ሰውየው አላነሰም።

እነዚሁ ተናጋሪዎች ክኒንም ያጣጥላሉ። ክኒኑ መሥራት ለመጀመር ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈልጋል፤ በአምስተኛው ቀን «አልሠራም» ብሎ መጣል ሳይሞክሩ መፍረድ ነው። ከተሻለ በኋላም አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ 6 ወር ይቀጥላል። በድንገት ሲቆም ያዞራል፣ እንቅልፍ ይነሳል፤ ስለዚህ የሚቀነሰው ቀስ በቀስ፣ ከሐኪም ጋር ነው። የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለ ዕጢ) ችግርና የደም ማነስም ድባቴን ስለሚመስሉ ደም መመርመር ተገቢ ነው። ሩጫ የታይሮይድ ችግር አያክምም።

ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ግን የእርምጃው ወረቀት ይቆየን። ያ ሰው ብቻውን አይደር፤ ክኒንና መርዝ ከአጠገቡ ይነሳ፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ። «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልበትም፤ ለመናገር በር ይከፍትለታል።