ከአስፋልት 5 ደቂቃ

አከራያችን እማማ፣ ልጃቸው ከአሜሪካ ሊመጣ መሆኑን ሲነግሩን ይህ ሦስተኛው ነው። ልጁ እስካሁን መጥቶ አያውቅም። ሊመጣ ነው በተባለ ቁጥር ግን ኪራዩ ከፍ ይላል። ባለፈው ጊዜ እንደምንም ደፍሬ በ2016 የወጣውን የኪራይ አዋጅ አነሳሁባቸው። ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል፣ ዋጋም እንደፈለጉ አይጨመርም አልኳቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ። «እኔስ ሰምቻለሁ ልጄ፤ እሱ ነው አሜሪካ ሆኖ ያልሰማው» አሉኝ።

ማታውኑ ከባለቤቴ ጋር ወሰንን። ከአዲስ አበባ እንወጣለን። ሩቅ አይደለም፣ እዚሁ ዙሪያዋን። እዚህ ለሁለት ክፍል በምንከፍለው እዚያ ሙሉ ግቢ እናገኛለን። ጎመን እንተክላለን። እኔ እንዲያውም ስለ ዶሮ ሁሉ አስቤያለሁ።

ወሬው እንደተሰማ ሰባኪው በዛ። ሱሉልታ የገባ ስለ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ የገባ ስለ ለገጣፎ ይሰብካል። ከዚህ በፊት ስልክ የማያነሱ ሰዎች ራሳቸው እየደወሉ «ኧረ እኛ ጋ ና!» ይሉኝ ጀመር። ምን እንደሚያገኙበት ያኔ አልገባኝም።

ለዘመድ ማስረዳቱ ራሱ ሥራ ነው። «ሸገር» ድሮ የአዲስ አበባ የቁልምጫ ስሟ ነበር። በ2015 ደግሞ ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲ፣ ገላን በአንድ አስተዳደር ተጠቃለው «ሸገር ከተማ» ተባሉ። «ከሸገር ወጥተን ሸገር ልንገባ ነው» ስላቸው አማቴ ግራ ተጋቡ። «ታዲያ ዕቃ ማመላለሱ ምን ይሁነኝ ብላችሁ ነው?»

አማቴ ቤት ፍለጋው ላይ ከኛ ጋር አብረው ዞረዋል። ውሃ፣ መብራት፣ መንገድ ብሎ ጥያቄ የላቸውም። መለኪያቸው አንድ ነው። «ሰው ይመጣል?» ይላሉ። ለክርስትና፣ ለአራስ ጥየቃ፣ ለለቅሶ። ሰው የማይመጣበት ቤት ለሳቸው ዋሻ ነው።

መጀመሪያ እንጦጦን ተሻግረን ሱሉልታ ሄድን። ጓደኛዬ ገና በሩ ላይ «አትሌቶቹ እኮ የሚሠሩት እዚህ ነው! ቀነኒሳ ራሱ ትራክ የሠራው እዚህ ነው!» አለኝ። እውነት ነው። ነገር ግን አትሌቶቹ የሚመጡት ከፍታው አየሩን ስላሳሳው፣ ሳንባቸው ተጨንቆ እንዲለምድ ነው። እነሱ ተጨንቀው ወርቅ ያመጣሉ። እኔ ኪራይ ከፍዬ ተጨንቄ ምን አመጣለሁ? በግማሽ ሰዓት ውስጥ ባለቤቴ ሁለተኛ ጋቢ ጠየቀች። አማቴማ ከመኪናውም አልወረዱ። «እዚህ የሚመጣው ጉንፋን ብቻ ነው» ብለው መስኮቱን ዘጉ።

ለገጣፎ በኩል ያለው ወዳጄ ሰፈሩ ያምራል። ዛፍ አለ፣ ጸጥታ አለ። ግቢው ውስጥ ግን ሦስት ሮቶ ተደርድሯል። እዚያው አጠገባቸው ያለው የለገዳዲ ግድብ ከ1960ዎቹ ጀምሮ አዲስ አበባን ሲያጠጣ የኖረ ነው። «ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል?» አልኩት። «እናንተ ጋ ሲሄድ እናየዋለን» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ስስቅ እሱ አልሳቀም።

ሰበታን በአንድ ከሰዓት ጨረስናት። ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ሐዲድ የሚጀምረው እዚያ ነው፤ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ተዘርግቷል። እኔ የምፈልገው ግን ሜክሲኮ ነው። ለሜክሲኮ ደግሞ ሐዲድ ሳይሆን ረጅም የታክሲ ሰልፍ ነው ያለው። ይለፈን።

ቢሾፍቱ ስንደርስ ሁላችንም ዝም አልን። ሆራ አለ፣ ባቦጋያ አለ፣ ኩሪፍቱ አለ። በፈጣን መንገዱ ከሄዱ ሩቅ አትባልም። ባለቤቴ የሐይቁን ዳር ዳር እያየች መጋረጃ ሁሉ መምረጥ ጀምራ ነበር። እዚህ ላይ ነው አማቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የፈሩት። «እዚህማ ሰው ይመጣል» አሉ በቀስታ። እውነታቸውን ነው። ቅዳሜና እሁድ አዲስ አበባ ግማሹ ለመዝናናት የሚወጣው ወደዚያ ነው። የአጎት ልጆች ከነጓደኞቻቸው፣ ፎቶ የሚነሱ ሙሽሮች ከነሚዜዎቻቸው «እግረ መንገዳችንን» እያሉ ሲገቡ ታየኝ። ደላላው ይባስ ብሎ «አዲሱ ኤርፖርት እዚሁ አቡሴራ ነው የሚሠራው። በዓመት ወደ 100 ሚሊዮን መንገደኛ ይጠበቃል!» አለን። ባለቤቴ መጋረጃውን ተወችው። «ስንቱ እኛ ጋ ሊያድር ነው?» አለች።

በመጨረሻ ገላን ላይ አረፍን። ከአቃቂ ወጣ ብሎ፣ ጤፍ ከሚዘራበት መሬት ዳር። ቤቱ ጥሩ ነው። ደላላው «ከአስፋልት 5 ደቂቃ» አለን፣ አመንነው። ያየነው ግንቦት ላይ ነዋ! ጸሐይ ነበር፣ በመኪና ነበርን።

የደላላ 5 ደቂቃ ከሰዓት ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። በእግር ይሁን በመኪና፣ በበጋ ይሁን በክረምት አይናገርም። ሐምሌ ገባ። ያ ጥቁር አፈር ዋልካ መሆኑን ያኔ አወቅን። ዋልካ እንደ ሌላ ጭቃ አያንሸራትትም፣ ይይዛል። እግርህን ይመልስልሃል፣ ጫማህን ያስቀራል። ከአስፋልት እስከ ቤታችን 35 ደቂቃ ፈጀብን። ከዚያ ውስጥ አሥሩ የግራ እግር ጫማዬን ፍለጋ ነው። ባለ ባጃጁ ደግሞ ሰማዩ ሲጠቁር ስልኩን ያጠፋል።

ዋናው ራስ ምታት ግን ዕድሩ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት የከፈልኩበት የድሮው ሰፈር ዕድር ነው። ዳኛው ጋ ሄጄ መልቀቄን ነገርኳቸው። ደብተራቸውን ከፍተው በመነጽራቸው ሥር አዩኝ።

«ገላን? ድንኳኑ ከወረዳው አይወጣም እኮ ልጄ።»

«መዋጮዬን ሳላቋርጥ ብከፍልስ ጋሼ?»

«መክፈሉንማ ክፈል። ወንበሩም፣ ድስቱም፣ ለቀስተኛውም ያለው ግን እዚህ ነው። ያመመህ ሲመስልህ ቀደም ብለህ ወደዚህ ናልን።»

አማቴ ይህን ሲሰሙ ለሦስት ቀን አላነጋገሩኝም። «ሰው ይመጣል ወይ ብዬ ስጠይቅ እንደ ሞኝ ስታዩኝ ነበር። ይኸው፣ ሬሳው ራሱ ታክሲ ይዞ ሊሄድ ነው።» ጎረቤቶችን አሰባስቤ አዲስ ዕድር እናቋቁም ልል አሰብኩ። ቆጠርኳቸው። ሁለት የተከራየ ቤት፣ አንድ ጥበቃ፣ አራት ያላለቀ ፎቅ። ጥበቃው ደግሞ አገሩ ላይ የራሱ ዕድር አለው።

ባለቤቴ በየቀኑ ቡና ታፈላለች። ሦስት ሲኒ ታቀርባለች። ሦስተኛው ሲኒ የማንም አይደለም። አንዳንዴ ጥበቃው ይጠጣዋል፤ እሱም አንደኛውን ብቻ ጠጥቶ «በር ክፍት ነው» ብሎ ይሄዳል። ዶሮዎቹን ጭልፊት ወስዷቸዋል። ጎመኑ በዝቶ የምንሰጠው ሰው አጣን። እኔ ራሴ ስልኬን አንስቼ ለሥራ ባልደረቦቼ «ኧረ እኛ ጋ ኑ! አየሩ እኮ...» ስል ራሴን የያዝኩበት ጊዜ አለ።

ባለፈው እሁድ በሩ ተንኳኳ። አማቴ ከተቀመጡበት ተነሡ፤ «ሰው መጣ!» አሉ። ደላላችን ነበር። ከኋላው ወጣት ባልና ሚስት ቆመዋል፣ ሴትየዋ ሕፃን አዝላለች። አጠገባችን ያለውን ቤት ሊያሳያቸው ነው ያመጣቸው። «እነዚህን ጠይቋቸው» አለ በጣቱ እያሳየን። «አንድ ቀን ቅር ብሏቸው አያውቅም።»

ባለቤቴ አስገባቻቸው። ፈንድሻ ተበተነ፣ ዕጣን ጨሰ። አማቴ ሕፃኑን ተቀብለው ስሙን፣ የክርስትና ስሙን፣ የአያቱን አገር ጠየቁ። ሴትየዋ ሲኒዋን ይዛ በመስኮቱ ሜዳውን አየት አደረገች።

«መኪናው ሲያዞረን ብዙ የሄድን መሰለኝ። ከአስፋልት ስንት ደቂቃ ነው ግን?»

ደላላው አፉን ሲከፍት ባለቤቴ ቀደመችው። ሃይማኖቷን አጥብቃ የያዘች ሴት ናት፤ አከራያችንን እማማን እንኳ አንድ ቀን ዋሽታቸው አታውቅም።

«አምስት ብትሆን ነው» አለች ጀበናውን እያዘነበለች። «ቶና ሳትጠጪማ አትሄጂም።»

እኔ ከጉልበት በላይ ጭቃ የደረቀበትን ቦት ጫማዬን በእግሬ ወደ በሩ ጀርባ ገፋሁት።